አራተኛው ምስክር

ሦስት ምስክር አግኝቶ፣ አራተኛው ሰው ቢጠፋ፣
ጋሽ አምዴ ሱቄ መጣ፣ ከሰዓት፣ ሙቀቱ ሲከፋ።
«ከባንኮኒህ ውጣ አንዴ፣ ለፊርማ ነው የምሻህ፤
ዘመዴ ስላልሆንህ ነው፣ ከንብረቴም የለም ድርሻህ።»

ነጭ ጋዎኔን ሰቀልሁ። የከዚራን ጥላ ጥላ ብለን፣
እስከ ጠበቃዋ ደረጃ የባጃጅ ጩኸት ተከተለን።
በመንገድ የመሐንዲሱን ግቢ በአገጩ አመለከተኝ፤
«ያ ግንብ ሲሠራ አይቼ ነው እንቅልፍ ያጣሁት» አለኝ።
ስንቱን ድልድይ በወረቀት ለክቶ ለሰው የሠራ፣
ለገዛ ሞቱ አንዲት መስመር ሳያሰምር ሄደ በተራ፤
ልጆቹ ሳሎኑን ለሁለት በብሎኬት ከፍለውታል፣
ቴሌቪዥኑ ካንዱ ወገን፣ መስኮቱ ካንዱ ቀርቷል።

ልብስ ሰፊው ከመጋላ፣ ጡረተኛው ትኬት ቆራጭ፣
ጎረቤቱ አቶ ከማል፣ ከአሸዋ ሰፈር ጎማ ሻጭ፣
እኔም፣ አግዳሚው ላይ ነን። ሙቀቱ በሩን አስከፍቶ
የውስጡ ነገር ይሰማል፣ ከማራገቢያው ጋር ተጎትቶ።

ረምላ መነጽሯን ሰቅላ፣ ፊቷ የወረቀት ክምር፣
ነፋሱ እንዳይበትንባት ከላዩ የሐዲድ ችንካር።

«ነገሬ አጭር ነው ልጄ፤ ሦስት ልጆች፣ ሚስትና ቤቴ።
ለእነሱ ይሁን ብለሽ ጻፊ፤ ዐሥር ሰዓት ነው መድኃኒቴ።»

«ካርታው በማን ስም ነው?» አለች። «በአባቴ።» «ሞቷል?» «ድሮ።»
«ስሙ ሳይዞር ነው የኖርከው?» ጋሽ አምዴ አሻሸ ጆሮ።
(ድሬ ነው፤ አንቱታ የለም።) «የሚስትህን ግማሽ ድርሻ
በምን አፍህ ትሰጣለህ? ሳቢያን ያለው ጋራዥሳ?
ከሸሪክህ ጋር ውል አለህ?»
«ቃል አለን።»
«ቃላችሁማ ካንዳችሁ ጋር ይቀበራል፤
የቀረው ከሟች ልጆች ጋር ፍርድ ቤት ይከራከራል።»
አርባ ዓመት ምድር ባቡር ውስጥ ስንት ሞተር የፈታ ሰው
የገዛ ቤቱን ብሎኖች አንድ ባንድ አስፈታችው።

ከዚያ ቀና ሳትል፣ «ሌላ ልጅ አለህ?» ብላ ጠየቀች።
ማራገቢያዋ ሦስት ዙር ዞረች፤ አራተኛውን ቀጠለች።
ልብስ ሰፊው ጣራ አየ። እኔ ጫማዬን። ትኬት ቆራጩ፣
እሱ ግን ያውቅ ነበር መሰል፣ በፈገግታ ሞላ ጉንጩ።

«አይሻ ጣቢያ» አለ በስንት ጊዜ። «ባቡሩ እዚያ ሲያድር ያኔ።
ሆዳን ነው ስሟ። በናቷ ቋንቋ ባለጸጋ ማለት ነው። እኔ፣
እኔ ግን...» ዝም አለ። ረምላ አልገሠጸች፣ አልመከረች፤
«ስሟን ፊደል በፊደል ንገረኝ» ብላ መጻፍ ጀመረች።

ሲነበብ ፀሐይ ጋብ ብላለች። ቤቱ፣ ጋራዡ፣ መሣሪያው፣
የሆዳን ድርሻ እንደ ወንድሞቿ፣ ያልተከፈለው የዕቁብ ዕዳው።
ገጽ በገጽ ሲፈርም እጁ አልተንቀጠቀጠበትም፤
እኛም ተከተልን። ሲወጣ ስለ አይሻ የጠየቀው የለም።

ሦስቱ ወረዱ። እኔ ቀረሁ፣ ቁልፌን በኪሴ እያንኳኳሁ።
ለከተማው ሁሉ «በሰዓቱ ዋጥ፣ ሳትዘነጋ» እላለሁ፤
የኔ የጅምላ ነጋዴ ዕዳ በተማሪ ደብተር ተጽፏል፤
ፈቃዱ በኔ ስም ብቻ፤ እኔ ከሞትሁ እሱም ሞቷል፤
ልጄ ገና ዘጠኝ ዓመቱ። ማን ያሳድገው? ማን ያውቃል?

ደቻቱን በድልድዩ ላይ በየማለዳው እሻገራለሁ፤
ደረቅ አሸዋ፣ ኳስ የሚራገጡ ልጆች አያለሁ።
እዚህ ጠብታ ሳይወርድ፣ ደንገጎ ላይ ዘንቦ ውሎ፣
ጎርፉ ሌሊት እንደሚገባ፣ በር ሳያንኳኳ፣ ግንድ ነቅሎ፣
አውቃለሁ። እያወቅሁም «ከበዓል በኋላ» ብሎ
የሚያሳድር ልብ ነው ያለኝ።

ረምላ ችንካሩን አንሥታ ባዶ ወረቀት አወጣች።
ስሜን ትጠይቃለች ስል፣ እንደ ቅድሙ ቀና ሳትል፦
«ሌላ ልጅ አለህ?»
ሳቅሁ።
እሷ አልሳቀችም። ብዕሯን እንደያዘች ትጠብቃለች።